የጁምዓ ማስታወሻ፦ ግድግዳው ሳይወድቅ

 

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በውዱ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን አነበባችሁ? ካላነበባችሁ ጀምበር እስክትጠልቅ ጊዜ አለ። ያነበባችሁም ከእኔ ጋር ወደ አንድ ቦታ ተመለሱ። በየጁምዓው እናልፍበታለን፤ ቆም የምንልበት ግን ጥቂት ነን።

ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) እና ኸድር ተርበው አንዲት ከተማ ደረሱ። ምግብ ጠየቁ፤ የሚያስተናግዳቸው ሰው አላገኙም። በዚያችው ከተማ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አዩ፤ ኸድርም አቃናው። ሥራው በነፃ መሠራቱ ሙሳን ገርሟቸው ስለ ክፍያ አነሱ። ምስጢሩ በኋላ ተገለጠ። ግድግዳው የሁለት የቲም ልጆች ነበር። ከሥሩ ለእነሱ የተቀመጠ ሀብት አለ። አላህ ልጆቹ አድገው ሀብታቸውን ራሳቸው እንዲያወጡ ስለፈለገ፣ ግድግዳው ያለ ጊዜው ወድቆ ሀብቱ እንዳይባክን ሁለት መንገደኞችን ላከላቸው።

ሱብሓነላህ! ልጆቹ እርዳታ አልጠየቁም። ሀብት እንዳላቸውም ላያውቁ ይችላሉ። ማንም አልከፈለ፣ ማንም አላመሰገነ። ግድግዳው ግን ሳይወድቅ ተቃና።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ነው። ሀብቱ የልጅ አእምሮ ነው። ልጁ አይናገርም፣ ወይም አይሰማም፣ ወይም አያይም፣ ወይም ፊደል አልገባ ብሎት ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ግድግዳው ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ሊያገኘው የሚገባው ልዩ እገዛ ነው። የምናገረው ከምኖርበት ከአሜሪካ ተነስቼ ነው፤ ሀገር ቤት ላላችሁም ወደ መጨረሻው የምለው አለኝ።

በመጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከደሴ መጥተን ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ መኖር ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን። ታናሽ ወንድሜ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ትምህርት ጀምሯል። አይናገርም። ድሮ ጥቂት ቃላት ነበሩት፤ እነሱም አንድ በአንድ ጠፉ። ስሙን ስንጠራው አይዞርም። የአሻንጉሊት መኪና ጎማ ግን ሰዓት ሙሉ እያሽከረከረ ይቀመጣል። እናቴ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ» ትል ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ጠራት። ሌሊቱን ቢሮ ስታፀዳ አድራ ነበር፤ ሳትተኛ እኔን ከትምህርቴ አስቀርታ ይዛኝ ሄደች። ጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አስተርጓሚ የለም። «ልጅዎ እንግሊዝኛ ይችላል አይደል?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

አንዷ ሴትዮ ረጋ ብላ ተናገረች። ወንድሜ ኦቲዝም ሊኖርበት እንደሚችል፣ ይህን ለማወቅ ባለሙያዎች ሊመዝኑት እንደሚገባ፣ ለዚህም የእናቴ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ገለጸች። እኔ ሁሉም ገብቶኛል። ግን የእናቴን ፊት አየሁ፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። አማርኛውም አልመጣልኝም። ኦቲዝም ለእናት እንዴት ነው የሚነገረው? አፌ ላይ የመጣው ቃል ሰፈር ውስጥ ለስድብ የምንጠቀምበት ነበር። አፈርኩ። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦

«እማ፣ ዓይን አፋር ነው ነው የሚሉት። እንግሊዝኛ ሲለምድ ይስተካከላል። ፈተና ነገር ሊሰጡት ይፈልጋሉ፤ ግን ግዴታ አይደለም።»

እናቴ «አልሓምዱሊላህ» አለች። ሳትፈርም ወጣን።

ሁለት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ወንድሜ ክፍል ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ጆሮውን ይይዛል፣ ይጮኻል፣ እናቴን ከሥራ እየጠሩ «መጥተሽ ውሰጂው» ይሏታል። እሷ በየሌሊቱ ሱጁድ ላይ ታለቅሳለች። እኔ እሰማለሁ። የማውቀውን አውቃለሁ፤ ዝም አልኩ።

ከዚያ በረመዷን አንድ ምሽት መስጂድ ኢፍጣር ላይ ነበርን። ወንድሜ ጫጫታው በዝቶበት ጠረጴዛ ሥር ገባ። አንዲት ታላቅ እህታችን፣ ሥራዋ ትምህርት ቤት ውስጥ የመምህር ረዳትነት ነው፣ መጥታ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯን አልመጠጠችም። እናቴን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት፦ «ትምህርት ቤት ምን እየተደረገለት ነው?»

እናቴ «ዓይን አፋር ነው አሉ» ብላ መለሰች።

ቴምሩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ያን ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አንተ ልጅ ነበርክ፤ እነሱ ግን ትልልቅ ሰዎች ነበሩ» አለችኝ። ከሱብሒ በኋላ ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ተነሳ፣ ዛሬ እንሂድ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። ያቺ እህት ደብዳቤ አጻፈችን። አስተርጓሚ ተጠየቀ፤ መጣ። ወንድሜ ተመዘነ። የራሱ የትምህርት ዕቅድ ተዘጋጀለት፤ የንግግር ባለሙያ፣ ረዳት፣ ሥዕል ሲነኩት ድምፅ የሚያወጣ ታብሌት ተሰጠው። ሰው የልጁ የመጀመሪያ ቃል «እማ» እንዲሆን ይመኛል። የወንድሜ የመጀመሪያ የታብሌት ቃል «አልፈልግም» ነበር። ሩዝ ነው ያልፈለገው። ታብሌቱ የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እናቴ ግን ያለ አስተርጓሚ ገባት። ሩዙን አንስታ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ልጇ በሰባት ዓመት ተኩሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደማይፈልግ ነገራት።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህን የነገርኳችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የእናታችሁ አስተርጓሚዎች ስለሆናችሁ ነው። ባንክ ትተረጉማላችሁ፣ ሐኪም ቤት ትተረጉማላችሁ። ቋንቋ ማወቅ አማና ነው። እኔ አማናውን የበላሁት በክፋት አልነበረም፤ እናቴን ላለማሳዘን ብዬ ነው። ግን በአዘኔታ የተደበቀ እውነትም እውነት መደበቅ ነው። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ መናገር የማይችለው ልጅ ነው።

ሊማር የመጣው ሰው

አንዳንዶቻችን «ለእንደነዚህ ዓይነት ልጆች ትምህርት ምን ይሠራል? ጀነት ገቢ ናቸው፣ በቃ» እንላለን። እስቲ ሱረቱ ዐበሰን አስታውሱ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ ኢስላም እየጠሩ ሳለ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም መጣ። ዓይነ ስውር ነው። የመጣው ሰደቃ ሊለምን አልነበረም፤ ሊማር ነው። ነቢዩ ወሬያቸው እንዳይቋረጥ ብለው ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ወደ ታላላቆቹ ዞሩ። እርሱ ፊታቸውን አላየም። አላህ ግን አየ፤ ስለ እርሱም እስከ ዕለተ ቂያማ የሚቀራ ሱራ አወረደ። ማየት የማይችል ሰው የመማር ፍላጎት አላህ ዘንድ ይህን ያህል ክብደት አለው።

ይህ ሰው ከዚያ በኋላ የት ደረሰ? ነቢዩ ለዘመቻ ሲወጡ መዲና ላይ ሰዎችን እንዲያሰግድ ከአንድም ብዙ ጊዜ ተክተውታል። ሙአዚናቸውም ነበር። ቢላል በሌሊት አዛን ሲያደርግ ሰው ሰሑሩን ይበላል፤ የኢብኑ ኡሙ መክቱም አዛን ሲሰማ ያቆማል። ጎህ መቅደዱን ግን እርሱ አያይም። ታዲያ እንዴት አወቀ? አጠገቡ ያሉ ሰዎች «ነጋ» ይሉት ነበር፤ ያኔ አዛን ያደርጋል።

ልብ በሉ። ማየት ስለማይችል «ይቅርብህ» አልተባለም። ሥራው ተሰጠው፤ ለጎደለው ነገር ደግሞ ሰው ቆመለት። ከዚያም የመላ መዲና ጾም በእርሱ ድምፅ ላይ ተመሠረተ። ዛሬ ትምህርት ቤቶች «ልዩ ፍላጎት» የሚሉት ነገር ሥሩ ይኸው ነው። ልጁ ያለውን እንዲያወጣ፣ ለጎደለው «ነጋ» የሚለው ሰው ማቆም።

ሰብር ዝም ማለት አይደለም

ወላጆቻችን ሲቸገሩ «ቀደር ነው፣ ሰብር እናድርግ» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ግን ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) ሰብር ምን ይመስል ነበር? ሐዘናቸውን ለአላህ ብቻ ነገሩ፤ ዓይናቸው በለቅሶ ነጣ። ሆኖም ልጆቻቸውን «ቤት ቁጭ በሉ» አላሏቸውም። ሄደው ዩሱፍንና ወንድሙን እንዲያፈላልጉ፣ ከአላህ እዝነትም ተስፋ እንዳይቆርጡ አዘዟቸው። ሰብር ልብን ያረጋጋል፤ እግርን ግን አያስርም።

«ዓይን በልቶት ነው»፣ «ጂን ነው» የሚሉም አሉ። ቁርኣን ቅሩበት፣ ዱዓ አድርጉለት፤ ይህን ማንም አይከለክላችሁም። ግን ሩቅያ ምዘናን አይተካም። ልጁ ላይ ፋቲሓ እየቀራን ወረቀቱንም መፈረም እንችላለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ነግረው መታከምን አዘዋል።

ደግሞ እናቶችን አትውቀሱ። ልጁ ኦቲዝም ያለበት እናቱ ስለሠራች ወይም ቤት ውስጥ በአማርኛ ስላናገረችው አይደለም። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያመጣም። ለአንድ እናት «ምን አድርገሽው ነው?» ከማለት «ምን ላግዝሽ?» ማለት ይሻላል።

እዚህ አሜሪካ ማወቅ ያለባችሁ

1. መብት እንጂ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው፣ በኋላም በተሻሻለው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ በአካል ጉዳት ወይም በዕድገት ችግር ምክንያት ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ልጅ ከ3 ዓመቱ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለእርሱ የሚስማማ ትምህርት በነፃ የማግኘት መብት አለው። የንግግር ሕክምና፣ ረዳት መሣሪያ፣ ልዩ ትራንስፖርት፣ ልጁ የሚያስፈልገው ከሆነ ወላጅ አይከፍልበትም። ከ3 ዓመት በታች ላሉትም በየስቴቱ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ «እስኪያድግ እንጠብቅ» አትበሉ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸውም አይፍሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወረቀት የሌላቸው ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሊከለከሉ እንደማይችሉ ወስኗል።

2. በጽሑፍ ጠይቁ። በኮሪደር የተባለ ነገር በኮሪደር ይቀራል። ደብዳቤው ሁለት ሦስት መስመር ይበቃዋል፤ ልጄ እንዲመዘን እጠይቃለሁ፣ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፣ ቀን፣ ፊርማ። ቅጂውን አስቀሩ። ወላጅ ለምዘናው ፈቃዱን ከሰጠ በኋላ የፌዴራሉ ሕግ ያስቀመጠው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ስቴቶች የራሳቸውን ገደብ ማውጣት ስለሚችሉ የስቴታችሁን ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ «አልመዝንም» ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት።

3. «እንግሊዝኛ እስኪለምድ» የሚለውን መርምሩ። እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ልጅን አካል ጉዳተኛ ማለት በሕጉ ክልክል ነው። ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ልጆቻችን የሚጎዱት በተቃራኒው ነው፤ እውነተኛ ችግር እያለ «የቋንቋ ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። መለያው ቀላል ጥያቄ ነው፦ በአማርኛስ ያወራል? በእናቱ ቋንቋም የማይናገር ልጅ ችግሩ እንግሊዝኛ ብቻ ሊሆን አይችልም። ይህን ለመምህሩ መናገር የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ መምህሩ ቤታችሁን አያውቅም።

4. አስተርጓሚ ይምጣ። ወላጅ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ ማድረግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ አስተርጓሚ ማቅረብም ከዚያ ውስጥ ነው። ከስብሰባው ቀናት በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። በዋሽንግተን ዲሲ ማ 2004 ከወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄያችሁ እንግዳ ነገር አይደለም። እናንተ ግን አትተርጉሙ! በተለይ ለገዛ እናታችሁ። ልጅ ለእናቱ መርዶ ነጋሪ መሆን የለበትም።

5. ፊርማውን ለዩ። ስብሰባ ላይ የሚዞር ወረቀት አንዳንዴ «ተገኝቻለሁ» ማለት ብቻ ነው፤ አንዳንዴ «ተስማምቻለሁ» ማለት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። «ቤት ወስጄ አንብቤ ልመልስ» ማለት ነውር አይደለም።

6. ዕቅዱን ተከታተሉ። እዚህ «አይኢፒ» የሚሉት ለልጁ በግል የሚዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ነው። ወላጅ የቡድኑ ሙሉ አባል እንጂ እንግዳ አይደለም። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ምዘናው ሁለቱ ወገኖች አያስፈልግም ብለው ካልተስማሙ በስተቀር ቢያንስ በሦስት ዓመት አንዴ ይደገማል። ግቡ የሚለካ ይሁን። «ንግግሩ ይሻሻላል» አይበቃም፤ ምን፣ በምን ያህል፣ እስከ መቼ? በትምህርት ቤቱ ምዘና ካልተስማማችሁ በትምህርት ቤቱ ወጪ ገለልተኛ ምዘና መጠየቅ ትችላላችሁ። ለስቴቱ አቤቱታ ማቅረብም አለ። በየስቴቱም አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ወላጆች በነፃ የሚያማክር የወላጆች ማዕከል አለ፤ ፈልጋችሁ ደውሉላቸው።

ሃሩን ሁኑ

«አትተርጉሙ ካልከን ምን እናድርግ?» ትሉ ይሆናል። አብራችሁ ሂዱ።

አላህ ነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲልካቸው ምን እንደጠየቁ አስታውሱ። ምላሳቸው ላይ መተሳሰር ነበረባቸው። ደረታቸው እንዲሰፋ፣ የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ ለመኑ። በዚህ አላበቁም፤ ከቤተሰባቸው ረዳት፣ ንግግሩ የቀና ወንድማቸው ሃሩን አብሯቸው እንዲሆን ጠየቁ። አላህ አልወቀሳቸውም፤ ሰጣቸው። ከአላህ ጋር የተነጋገሩ ነቢይ ከባድ ስብሰባ ሲገቡ አጠገባቸው ሰው ፈለጉ። እናታችሁ፣ የጎረቤታችሁ እናት፣ ያቺ መስጂድ ጥግ ልጇን ይዛ የምትሰግደው እህት ብቻዋን እንድትገባ እንዴት እንጠብቃለን?

(መምህራኑ ፊርዐውን ናቸው እያልኩ አይደለም! አብዛኞቹ ለልጁ መልካም የሚመኙ፣ ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ናቸው። በሰላምታና በምስጋና ግቡ። ከባዱ ነገር ክፍሉ ነው፤ አምስት ባለሙያና አንዲት የደከመች እናት።)

ሕጉ ወላጅ ልጁን የሚያውቅ ወይም ስለ ጉዳዩ እውቀት ያለው ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። አስተርጓሚው ይተርጉም፤ አንተ ጻፍ። ማን ምን አለ፣ ምን ተስማሙ፣ እስከ መቼ። አንቺ ከስብሰባው በፊት በነበረው ምሽት ከእናትየው ጋር ሻይ ጠጥታችሁ ጥያቄዎቿን በአማርኛ ጻፉ። ስብሰባው ላይ ስትፈራ ወረቀቱን ወደ እሷ አስጠጊላት። ይህን ለማድረግ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሰዓት፣ እስክሪብቶና ኒያ ይበቃል።

የሰሙትን ምስጢር መጠበቅም አማና ነው። የልጁ ነገር የጀመዓ ወሬ እንዳይሆን።

የራሳችን ቤትስ?

ከትምህርት ቤት የምንጠይቀውን እኛ መስጂድ ውስጥ እናደርጋለን? የቅዳሜና እሁዱ የቁርኣን ክፍላችን መስማት የተሳነውን ልጅ ይቀበላል? ልጁ ሶፍ ውስጥ ሲጮኽ ዞረን እናቱን በዓይናችን አንገርፍም? ብዙ እናቶች መስጂድ መምጣት ያቆሙት ስለዚህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ላይ ሳሉ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናትየው አዝነው ሶላታቸውን ያሳጥሩ ነበር። እኛ ቢያንስ ፊታችንን አንቋጥር።

ሀገር ቤት ላላችሁ ወንድምና እህቶቼ። ሁኔታው እንደማይመሳሰል አውቃለሁ። እዚያ ብዙ ወላጅ የሚጋፈጠው የወረቀት ብዛት ሳይሆን «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ልጅ አንቀበልም» የሚል በር ነው። ግን እዚያም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ስለ ትምህርት ነው፤ ልጁ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ያስገድዳል። አንድ ሰው መንገድ ሊከፍት እንደሚችልም አይተናል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ቦታ ሲያጡ ለሌሎቹም ጭምር ብለው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ዛሬ እርሳቸው በሕይወት የሉም፤ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ብዙ ኢትዮጵያዊ እናት የሰማችው ግን በእርሳቸው ድካም ነው። እናንተም ማዕከል ክፈቱ አልላችሁም። ቤት ተደብቆ የሚውል አንድ የጎረቤት ልጅ ካለ እናቱን ይዛችሁ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ብቻዋን ስትሄድ የሚመልሷትን ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ ሊያዳምጧት ይችላሉ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አላህ ባሪያው ወንድሙን በመርዳት ላይ እስካለ ድረስ እርሱን እንደሚረዳው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። የዚህ ሳምንት ሥራችን አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ከዛሬው ጁምዓ ስትወጡ ከምታውቋቸው ቤተሰቦች አንዱን አስቡ። ምክር አትስጡ። ያቺ እህት የጠየቀችውን ብቻ ጠይቁ፦ «ትምህርት ቤት ምን እየተደረገለት ነው?» ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አድምጡ።

ወንድሜ ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አሁንም በአፉ ብዙ አይናገርም። በታብሌቱ ግን «አሰላሙ ዐለይኩም» ይላል፤ ድምፁን ራሴ ነኝ የቀዳሁለት። መስጂድ በር ላይ ቆሞ ለሚገባው ሁሉ ይጫነዋል፤ አንዳንዱ ሰው ሦስት አራቴ ይመልስለታል። ሁለቱን የጠፉ ዓመታት መመለስ አልችልም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ቀጣዩ ልጅ ግን እንዳይጠፋበት የእናንተ እጅ ያስፈልጋል። የእሱ ግድግዳ ገና አልወደቀም።

አላህ ሆይ፣ ቃል ያጣ ልጅን የልቡን አውጣለት። የደከሙ እናቶችንና አባቶችን አበርታ። ላወቅነው እውነት ታማኞች፣ ለተቸገረው ሃሩን አድርገን። ያጎደልነውን ማረን። ኣሚን።